የሥጋ ውፍረትና የልብ ሸክም

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ ከከተማ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ገና ደጁን ሳይረግጥ የሚቀበለው የመጀመሪያ ምስጋና «እሰይ፥ ወፍረህ መጣህልኝ» የሚል ነው። ይህን የምትለው እናት ወይም አክስት ስለ ኪሎም ስለ ደም ግፊትም የምታስበው ነገር የለም፤ በእርስዋ ዘንድ የልጅ መወፈር፥ ልጁ በሰው አገር እንጀራ አላጣም፥ ደዌ አልጣለውም፥ የሚያስጠጋው ሰው አግኝቷል ማለት ነው። መክሳት ግን የኀዘን፥ የሕመም ወይም የድርቅ ምልክት ስለ ሆነ «ምነው ልጄ፥ ከሳህሳ» ብላ ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። እኔም ከብዙ ዓመት የአዲስ አበባ ኑሮ በኋላ በጉና ጥግ ወዳለው ቤታችን በገባሁ ጊዜ ይህንኑ ምስጋና ከአክስቴ አፍ ሰማሁና ደስ አለኝ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሐኪም የደሜ ግፊት ከልክ ማለፉን፥ ወገቤም መስፋቱን ነግሮኝ ስለ ነበር፥ አክስቴ ያመሰገነችውና ሐኪሙ የገሠጸው አንድ ሥጋ መሆኑን እያሰብሁ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሐሳብ ነው።

አክስቴ የተናገረችው በከንቱ አይደለም። በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የጉና ተራራ፥ በታች የዓባይና የበሽሎ ቆላ የሚያዋስነው ይህ አገር፥ አፈሩ በጎርፍ የተጠረገ፥ ዝናሙም አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት የሚነፍግ ስለ ሆነ፥ ረኃብን በወሬ ሳይሆን በቤቱ ያወቀ አገር ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያስከተለው እልቂት ከሽማግሌዎች አፍ ገና አልጠፋም፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤተ ሰብ በሴፍቲኔት ታቅፎ፥ እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ የክረምቱን ወራት ሲሻገር ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ገለጸው፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የአማራ ክልል ሕፃናት ከመቶው 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ፤ በአገሪቱም ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከልክ ያለፉ ቀጭኖች ሲሆኑ፥ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አገር ስለ ክብደት የሚናገር ሰው ከሁለቱ ወገን ለየትኛው እንደሚናገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ምክር ለሁለተኛው መርዝ ነውና።

ነገሩን ይልቁን የሚያከብደው ግን ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ሥጋ ውስጥ መገናኘታቸው ነው። በሕፃንነቱ በጥቂት መኖርን የለመደ ሥጋ፥ በጎልማሳነቱ ድንገት ጥጋብ ሲመጣለት ስኳሩንና ስቡን የሚያስተናግድበት አቅም ያንሰዋል። የጎንደር ሐኪሞች፥ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፥ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ በገጠር የሚኖሩት ኢንሱሊን የሚሹ የስኳር ሕሙማን አብዛኞቹ እንደ ተለመደው ወሬ ወፍራሞችና ባለጠጎች ሳይሆኑ ከሲታዎችና ድሆች መሆናቸውን አሳዩ፤ የበሽታቸውም ሥር ምናልባት የልጅነታቸው የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ፥ በ2025 እ.ኤ.አ.፥ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ተቀበለው። ስለዚህ ውኃ ጥም የጸናበት፥ ሽንት የሚያመላልሰውና ያለ ምክንያት የሚከሳ ገበሬ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ አይገባውም። ከሲታነት የጤና ምስክር አይደለም፤ ውፍረትም እንደዚሁ።

ሰው ራሱን የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሒሳብ ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር በተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 75 ኪሎ ቢመዝን የሚወጣው ቁጥር 27.5 ይሆናል፤ ከ18.5 በታች ያለው ከልክ ያነሰ፥ ከ25 ጀምሮ ያለው ከልክ ያለፈ፥ 30 የደረሰው ደግሞ ብርቱ ውፍረት ተብሎ ይቆጠራል። ሚዛን በሌለበት መንደር ከዚህ የሚቀል ሌላ ዘዴ አለ። ፈትል ከማይታጣበት ቤት አንድ ፈትል ይምጣና የሰውየው ቁመት ከራስ ጠጉሩ እስከ ተረከዙ ይለካበት፤ ፈትሉም እኩል ታጥፎ በእምብርቱ በኩል ወገቡን ይዙርበት። ሁለቱ ጫፍ ተገናኝቶ ከተረፈ መልካም ነው፤ አልገናኝ ካለ ግን በሆድ ዕቃው መካከል፥ በጉበቱና በአንጀቱ ዙሪያ ስብ ተከማችቷል ማለት ነው። ይህ ስብ በጭን ወይም በዳሌ ላይ ከሚቀመጠው ይልቅ ለልብ ደዌና ለስኳር በሽታ የሚቀርብ ስለ ሆነ፥ ቦርጭን የባለ ጸግነት ማዕርግ አድርጎ የሚያይ ልማዳችን ሊታረም ይገባዋል።

ጥንት ይህን ልማድ የሚያርመው ምድሩ ራሱ ነበር። ከነፋስ መውጫ ብርድ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ፥ ማሽላውን ሸምቶ በአህያ ጭኖ እንደገና ዳገቱን የሚወጣ ሰው፥ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ የሚመክረውን፥ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚሆነውን እንቅስቃሴ በአንድ የገበያ ቀን ይፈጽመዋል። እናቶች 20 ሊትር ውኃ በጄሪካን አዝለው ገደል ለገደል መሄዳቸውን ግን እንደ ጤና እንቅስቃሴ አድርጎ የሚያወድስ ቢኖር አልተባበረውም፤ እርሱ ወገብ የሚሰብር ሸክም ነው፥ ከጀርባቸውም ሊወርድላቸው ይገባል። በደርግ ዘመን የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ሕመምተኛን ወደ ደብረ ታቦር ለማድረስ ታላቅ በረከት ሆኗል፤ ነገር ግን ዛሬ በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የሚኖረው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለችውን አጭር ጉዞ በባጃጅ ይሄዳል፥ ቀኑን በወንበር ይውላል፥ ማታም እንደ አራሽ አባቱ ጠግቦ ይበላል። የአባቱን እንጀራ ያለ አባቱ ድካም የሚበላ ልጅ ቢወፍር ምን ያስደንቃል? በሳምንት ለስድስት ቀን፥ በየቀኑ 25 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ፥ ለምሳሌ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ በእግሩ ወደ ሥራው ቢሄድ፥ 150ውን ደቂቃ ይሞላዋል።

ስለ ምግብ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጾም ነው፤ በዚህ ነገር ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ውስጥ 180 ያህል ቀን፥ ካህኑና መነኵሴው ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፥ የ55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፥ የነቢያት፥ የሐዋርያት፥ የፍልሰታ፥ የነነዌና የገሃድም አሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጣምረው ይገኛሉ፤ ሰዓት አለበት፥ የምግብ ዓይነት አለበት፥ መጠንም አለበት። እስከ ስድስት ሰዓት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል ሰዓቱ ነው፤ ሥጋን፥ ወተትንና ቅቤን መተው ዓይነቱ ነው፤ ከጾሙ በኋላ በቀረበው ማዕድ ላይ ራስን መግዛት መጠኑ ነው። አባቶቻችን ሦስቱን አንድ አድርገው ይዘው ነበር፤ እኛ የከተማ ሰዎች ግን ሁለቱን ይዘን ሦስተኛውን ጣልነው። እስከ ስድስት ሰዓት ታግሠን በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፥ ሳምቡሳና ጥብስ ድንች እንበላለን፥ በላዩም ለስላሳ እንጠጣለን። ከአንድ ግራም ዘይት የሚገኘው ኃይል 9 ካሎሪ ሲሆን ከአንድ ግራም ስታርች የሚገኘው 4 ብቻ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በአንዲት 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስም 8 የሻይ ማንኪያ የሚያህል ስኳር ይገባል። እንዲህ ያለ ጾም ሥጋን ያደክማል እንጂ አያቀልለውም።

ከዚያም ፋሲካ ይመጣል። ለ55 ቀን ያረፈው ሆድ በአንዲት ሌሊት ዶሮ ወጥና ቅቤ ይቀበላል፤ በሚከተለው በዓለ ኃምሳም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፥ በጾሙ የቀነሰው ክብደት ከነወለዱ ይመለሳል። በዓሉ እንዲቀር የምመክር አይደለሁም፤ ለዓመት የደከመች እናት ልጆችዋን ሰብስባ የምታበላበት ቀን ነውና። ነገር ግን በፋሲካ ማግሥት፥ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን፥ ከልማድ በቀር ምክንያት በሌለው መብል ላይ ሰው ራሱን ሊጠይቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳርና የግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፥ የነፍስ አባቱንም ስለ ጾሙ ይጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፥ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የምትራራ እንደ ሆነች ማንም ካህን ያውቀዋል። ጾም በፈቃድ የሚያዝ፥ ማዕዱም በመጨረሻው የሚጠብቅ ነው፤ ረኃብ ግን ያለ ፈቃድ የሚመጣ፥ ማዕድም የሌለው ነው። ገና የሚያድግ ልጅ ወይም የምታጠባ እናት ያለችበትን፥ እህሉ ያለቀበትን ቤት «ትንሽ መብላት ጤና ነው» ብሎ ማጽናናት ክፉ ሥራ ነው።

የጉና ደጋ የሚያበቅለው እህል ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ነው። በገብስ ውስጥ ያለው ሙጫ መሰል ቃጫ ምግቡ ከሆድ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፥ በደም ውስጥ ያለው ክፉ ስብም እንዲቀንስ ስለሚረዳ፥ ቆሎና በሶ ይዞ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ከብስኩት የሚሻል ስንቅ ይዟል። ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስርና ተልባ ሥጋ ለማያገኝ ቤት የሥጋ ምትክ ናቸው። ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ ሲበላ መልካም ምግብ ነው፤ ችግሩ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወይም ጨው ሲነሰነስበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲመክር፥ በ2007 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ጥናት ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን 8 ግራም ያህል እንደሚበላ፥ ከመቶውም አዋቂ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። ከበርበሬው፥ ከወጡና ከድንቹ ጨው በተጨማሪ በገጠር ቡናም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ፤ ቢያንስ ከዚህኛው መጀመር ይቻላል።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ ተረት ከውፍረት ወደ ልብ ሸክም የሚያሸጋግረን ድልድይ ነው፤ ሰው ሐሳቡን ለማውጣት ወደ ጠላ ቤትና ወደ አረቄ ቤት ይሄዳልና። በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል በግራም 7 ካሎሪ፥ ከዘይት ጥቂት የሚያንስ ኃይል አለው፤ መጠጡም ለጊዜው እንቅልፍ ያመጣ መስሎ በመንፈቀ ሌሊት መልሶ ያነቃል፤ የነቃውም ሰው ትናንት የደበቀውን ሐሳብ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ያገኘዋል።

በእኛ ዘንድ ይህ ሸክም ብዙ ስም አለው፤ ትካዜ ይባላል፥ ጭንቀት ይባላል፥ ገበሬው ግን አሳጥሮ «ሐሳብ ገደለኝ» ይላል። አባባሉ ከሐኪም ቃል አይርቅም። ሰው በተጨነቀ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ ይህም ለአንድ ሰዓት ሲሆን ሰውን ከአደጋ ለማምለጥ ያበረታዋል፥ ለወራት ሲዘልቅ ግን ስኳርን በደም ውስጥ ያበዛል፥ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል፥ ስብንም ወደ ሆድ ይሰበስባል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የሚያስበው አያጣም፤ የሰኔ ዝናም ቢዘገይ ያስባል፥ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ ያስባል፥ ልጁ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርዶ ደብዳቤ ሲጠፋበት፥ ወይም እኅቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ስልክዋ ሲዘጋበት ያስባል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ሲመጣ ደግሞ ሐሳብ የማይባል፥ ከሐሳብ የከፋ ነገር መጣ፤ በከተማይቱ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን የመድፈር ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓመት ከ16 ተጎጂዎች አፍ ሰምቶ ለዓለም አሳወቀ። እንዲህ ያለውን የነፍስ ቁስል በእግር ጉዞና በቡና ይድናል ብሎ መናገር ድፍረት ነው። ለእርሱ ሐኪም ያስፈልጋል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ጸበል የሚጠመቅም ሰው ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ቢይዝ ሁለቱ አይጣሉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የየዕለቱን ሐሳብ ለማቅለል ግን አገሩ ከራሱ ያፈራው ብዙ አለው። አቦል፥ ቶናና በረካ እስኪፈጸም ጎረቤት ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ሰዓት፥ ማኅበሩ፥ ሰንበቴው፥ ዕድሩ፥ አጨዳ በደረሰ ጊዜ የሚጠራው ደቦ ሁሉ፥ ሰው ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከመው የተሠሩ ናቸው። የቡናው ኃይል እኩሌታው ከደም ለመጥፋት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፥ እንቅልፍ የሚከለክለው ሰው የማታውን ቡና ትቶ ወሬውን ብቻ ቢካፈል ይሻላል፤ ከሰባት ሰዓት ያነሰ እንቅልፍ የሚተኛ አዋቂ በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል፥ ቁጣም ይቀርበዋልና።

ከሁሉ በላይ ግን የጋይንትን ሰው የማሳስበው የዜማ ቤቱን ነው። ቤተልሔም የድጓ፥ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ሆነው ከመላው ኢትዮጵያ ተማሪ የተቀበሉት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን በማኅሌት የቆመ ሰው አንዲቱን የዜማ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ለመፈጸም እስትንፋሱን ማርዘም፥ አወጣጡንም ማዘግየት ግድ ይሆንበታል። በ2001 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የሚገኙ ሐኪሞች የመቁጠሪያ ጸሎት የሚደግሙ ሰዎችን ልብና ትንፋሽ ለክተው፥ ጸሎቱ ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ ስድስት እንዳወረደው፥ የልባቸውም አመታት ከዚሁ ጋር እንደ ተስማማ አገኙ። ዜማ ያልተማረ ሰውም ይህን ሊያደርገው ይችላል፤ ውዳሴ ማርያሙን ወይም አቡነ ዘበሰማያቱን ሲደግም በአራት ሰከንድ አየር ያስገባ፥ በስድስት ሰከንድ ያስወጣ፥ ለአሥር ደቂቃም ይቀጥል። ሙስሊሙም በዚክሩ እንዲሁ ያድርግ። እኔ እንቅልፍ ባጣሁባት በዚያች የጉና ሌሊት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

በከተማ ሱቅ «ክብደት በአንድ ሳምንት ያጠፋል» ተብሎ ስለሚሸጠው ሻይና ክኒን ብዙ አልናገርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የሆድ ውኃንና ገንዘብን ነው። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ግፊቱና ስኳሩ ሊሻሻል ይችላል።

ለሚመጣው ፋሲካ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የምትሄዱ የአገሬ ልጆች ሆይ፥ ለእናቶቻችሁ ከምትይዙት ዘይትና ስኳር ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ በዋጋው አንዲት የደም ግፊት መለኪያ ግዙ፤ ከበዓሉ ማዕድ በፊትም የእነርሱን ክንድ፥ ቀጥሎም የራሳችሁን ለኩ።